በየሺዋስ አፍ

«ያ ሰውዬ ከዚያ አግዳሚ ላይ ይነሳ በይው» አለ አቶ አወቀ።

የተናገረው ለሚስቱ ለየብርጓል ነበር። ያ ሰውዬ የተባለው ታላቅ ወንድሙ ወልደ ሰንበት ሲሆን፣ የተቀመጡትም አወቀ እጁን ቢዘረጋ በሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። የብርጓል በአንድ እጇ የተገነጣጠለ ዶሮ የሞላበት ሳፋ፣ በሌላው ቢላዋ እንደያዘች ወደ ወልደ ሰንበት ዞረች። «ይነሱ ይላል።» ወልደ ሰንበት ከዘራቸውን በጉልበቶቻቸው መካከል አቁመው አገጫቸውን አስደገፉበት። «አልነሳም፤ የታላቅ ቦታ ይኸ ነው ብሏል በይው።» እሷም ወደ ባሏ ዞረች። «አልነሳም ብለዋል፤ የታላቅ…» «ሰምቻለሁ» አለ አወቀ። ወዲያው የሰማው ከማን አፍ እንደሆነ ታወቀውና «አንቺ ስትይኝ ነው የሰማሁት» ብሎ አረመ።

የሺዋስ ይህን ሁሉ ያየው ከወገቡ በላይ የሚደርሰውን የድምፅ ማጉያ፣ ሞንታርቦውን፣ እንደታቀፈ ቆሞ ነው። ሽማግሌው እንዲነሱ የተፈለገውም ለእሱ ነበር፤ በሠርጉ ዳስ ውስጥ መሬቱ ደልደል ያለው አግዳሚው ያለበት ጥግ ብቻ ነው፣ ሌላ ቦታ ላይ ቢቆም ሞንታርቦው ይንገዳገዳል። ትንሽ ከጠበቀ በኋላ ክንዱ መዛል ሲጀምር፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ከወልደ ሰንበት ቀኝ ጆሮ አጠገብ አስቀመጠው። ሽማግሌው ሞንታርቦውን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ እንደ ጥሩ የግድግዳ ጥግ ቆጥረውት ጀርባቸውን አስደገፉበት።

የጮቄ ኮከቦች ባንድ የሚባሉት ሦስት ሰዎች ናቸው። ድምፃዊው የሺዋስ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ በአንድ የእህል መጋዘን ጆንያ የሚመዝን ነው። ድረስ ኦርጋን ይጫወታል፤ ቀድሞ ዲያቆን ነበር፣ አሁን ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ሰው ፈገግ እንዲል ይለምናል። እንዳላማው ሬድዮ ጠጋኝ ስለሆነ የድምፁ ኃላፊ እሱ ነው። እስከዚያ ዕለት ድረስ የተጫወቱት በትምህርት ቤት መዝጊያ በዓላትና በቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ መካከል፣ ሰው ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ነበር። ይጁቤ የመጡት ግን ለሌላ ነገር ነው። የሙሽራው አክስት ወይዘሮ ሥራነሽ በደብረ ማርቆስ ሆቴል አላት፤ በዚያ ዓመት ከሆቴሉ ጀርባ አዳራሽ አሠርታ የቅዳሜ ምሽት ሙዚቃ ልትጀምር ነበር። የሺዋስ ሊለምናት በሄደ ጊዜ ከባንኮኒዋ ኋላ ሳትነሳ፣ «የወንድሜ ልጅ ሠርግ ላይ እሰማችኋለሁ። ከወደድኳችሁ በየቅዳሜው ትመጣላችሁ። ካልወደድኳችሁ መንገድ ላይ ስታዩኝ ሰላም እንዳትሉኝ፣ እኔ ሰው ማሳፈር አልወድም» ብላ አሰናብታው ነበር።

የሺዋስ ለዚህ ቀን ያዘጋጃቸው ዘፈኖች በሙሉ ግጥማቸው የራሱ ነው። የሰው ካሴት የሚደግም ሞልቷል፣ የራሱን ቃል የሚዘፍን ነው የጠፋው፤ ይህን ሐሳቡን ጆንያ እያነሳ ለሚመዝንላቸው ገበሬዎች ሳይቀር አስረድቷል። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ከግጥሞቹ አንዱን እንኳ እስከ መጨረሻው የሰማ ሰው ከድረስ በቀር አልነበረም፤ ድረስም ቢሆን ኦርጋኑን ጥሎ መሄድ ስለማይችል ነው።

እንዳላማው ሥራውን በሥርዓት የሚሠራ ሰው ነው። ጀነሬተሩን ከአጥሩ ውጭ፣ ነፋሱ ጭሱን ወደ ገደሉ በሚወስድበት በኩል አቆመ። ገመዶቹን ሴቶቹ ወጥ ይዘው በማይመላለሱበት በዳሱ ጠርዝ አስኬደ፤ መጋጠሚያዎቹን በፌስታል ጠቀለላቸው፣ ጠላ የማይፈስበት ሠርግ የለምና። ያላሰበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ድምፁን የሚያቀናጀው ሚክሰር ከማርቆስ የመጣው በአይሱዙ ላይ ከድንች ጆንያ ሥር ሆኖ ሲሆን፣ ጆንያው ላይ ደግሞ አንድ ወፍራም ሰው ተቀምጦበት ነበር። ሲያወጡት ድምፅ የሚደግመው የኤኮው ቁልፍ ተቆርጧል፤ የተቆረጠውም መጨረሻው ላይ ተከፍቶ ነው። እንዳላማው በፒንሳ ሊያዞረው ሞከረ። በጥርሱም ሞከረ። በመጨረሻ «ትንሽ ይደግማል እንጂ ሌላው ደህና ነው» አለ።

የሺዋስ ማይኩን አንስቶ «ሰላም» አለ። ሞንታርቦው «ሰላም… ሰላም… ላም…» አለ። ከአጥሩ ማዶ አንድ አህያ መለሰለት። ከወልደ ሰንበት በስተቀር በዳሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዘለለ፤ እሳቸው ጀርባቸውን የነዘራቸውን ነገር ወደውት ይበልጥ ተደገፉ። የብርጓል ከወጥ ቤቱ ብቅ አለች። «ምን ሆኖ ነው የሚደጋግመው? አንዴ ሲነግሩን አንሰማም?»

ለሦስቱ ቁርስ የተሰጣቸው በጓዳ ነው። ጓዳው ጠባብ፣ ግድግዳው በጋዜጣ የተለጠፈ ነበር፤ ከአልጋው ሥር የጠጅ ጋኖች ተደርድረዋል፣ ከላዩ ላይ ሙሽራዋ ምሥራቅ ነጭ ቀሚሷን እንዳታጨማድድ እጆቿን ዘርግታ ተቀምጣለች። ከበሩ ውጭ ሴቶች ሽንኩርት እየከተፉ ስለ ዶሮ ዋጋ ይነጋገራሉ፤ አንዷ ደጀን ዶሮ ከይጁቤ ይረክሳል ስትል ሌላዋ ለመንገዱ የምትከፍዪው በግ ይገዛልሻል አለቻት። የብርጓል እንጀራ እየጨመረችላቸው ነገሩን ነገረቻቸው። ከስድስት ዓመት በፊት መስቀል ባለፈ ሰሞን የአወቀ ንብ ከቀፎው ወጥቶ ወልደ ሰንበት ከአጥሩ ማዶ ዋንዛው ላይ በሰቀሉት ባዶ ቀፎ ውስጥ ገባ። አወቀ «ቀፎውን ጥሩ ሽታ አጥኖ ንቤን ጠራብኝ» አለ። ወልደ ሰንበት «ሳያጥን ቀፎ የሚሰቅል የት አለ፣ ንቡ ወዶ ነው የመጣ» አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። «ፋሲካ ላይ እንኳን አደረሰህ የሚባባሉት በእኔ ነው» አለች የብርጓል። «ቅዳሴ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ‹ትንሽ ጠጋ በል በይው› ብለው ወደ ሴቶች በኩል ሰው ልከውብኝ ያውቃሉ። ዛሬ ግን አልችልም። ዛሬ ልጄን ነው የምድር።» ምሥራቅ አልጋው ላይ ሆና የተዘረጉ እጆቿን አንዴ አነሳቻቸውና መልሳ አወረደቻቸው።

ቀትር ላይ እንግዳው ሁሉ ዳሱን ሞላው። የዳሱ የባሕር ዛፍ ቅጠል ገና አልጠወለገም፤ በሸራው ቀዳዳ የሚገባው ፀሐይ በሰው ራስ ላይ ክብ ክብ ሆኖ ያርፋል፣ መሬቱ ላይ የተጎዘጎዘው ሣር ሲረገጥ ይሸታል። የሺዋስ በመጀመሪያው ዘፈን ጀመረ። ደብዳቤ ስለማትመልስ አንዲት ልጅ ነው። ሰዉ በስብሰባ ላይ ስለ ማዳበሪያ ሲነገረው እንደሚያዳምጠው፣ ጉርሻውን በአፉ ይዞ ፊት ለፊት እያየ አዳመጠው። ዘፈኑ አለቀ። ማንም አላጨበጨበም። ከወደ በሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታቸውን «አለቀ?» ብለው ጠየቁ። «አላውቅም» አሉ ጎረቤትየው፣ «ምናልባት ምሳ ሊበላ ይሆናል።» የሺዋስ ሁለተኛውን ዘፈን ሊጀምር ትንፋሹን ሲስብ ወልደ ሰንበት ከሞንታርቦው ተላቀው ብድግ አሉ። ብርሌያቸውን ከፍ አደረጉና ዳሱን የሚያናውጥ ድምፅ አወጡ።

«ተቀበል!»

የሺዋስ ወደ ድረስ ዞረ። «ምን አድርግ ነው የሚሉኝ?»

«ግጥም ሊሰጡህ ነው። የሰጡህን ትደግማለህ።»

«እኔ አዝማሪ አይደለሁም እኮ። አባቴ፣ እኔ ድምፃዊ ነኝ።»

«ድምፅህን ነው የፈለግሁት» አሉ ወልደ ሰንበት። «ቃሉ ከኔ ነው። ተቀበል!»

ድረስ ዜማውን ቀይሮ ኦርጋኑን እንደ መሰንቆ ማስጮህ ጀምሮ ነበር። «ተቀበል ወንድሜ» አለ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «ሰው ሲያዝዝህ እምቢ ካልክ ነገር ይመጣል።» ወልደ ሰንበት ወደ ወንድማቸው ሳያዩ፣ ወደ ዳሱ ጣሪያ እያዩ አሉ፤

ንብማ ምን ያድርግ ጌታው እየተኛ፣
ጎረቤት ገባ እንጂ ጠልቶ ያን ዳተኛ።

የሺዋስ ከመዝፈኑ በፊት ነገሩን ማሰብ ነበረበት። ነገር ግን ድረስ ዜማውን አንስቶለታል፣ ሰዉም ለመጀመሪያ ጊዜ ማላመጡን አቁሞ እየጠበቀው ነው። ዘፈነው። ሞንታርቦውም «ዳተኛ… ዳተኛ… ተኛ…» ብሎ ቃሉን በዳሱ ላይ፣ ከዳሱ አልፎ በአጥሩ ላይ፣ ከአጥሩ አልፎ በገበያው ሜዳ ላይ በተነው። ዳሱ በሳቅ ፈነዳ። አወቀ ከተጋባዦቹ መካከል ቀይ ሽንኩርት መስሎ ተነሳ። «አንዴ ብሎኝ ቢሆን እተወው ነበር!» አለ ለየብርጓል፣ ለጎረቤቱ፣ ለሚሰማው ሁሉ። «ሦስቴ ነው ያስባለብኝ!» ከዚያ ብርሌውን አንስቶ ወደ የሺዋስ መጣ። «ተቀበል አንተ ልጅ!»

እኔስ ከቤቴ ነው ደክሞኝ የምተኛ፣
ቀፎ አጥኜ አልዞርኩም እንደ ንብ ቀማኛ።

«ይኸንንም ሦስቴ በልልኝ። እንዲያውም አራቴ።»

እንዳላማው ከሚክሰሩ ቀና ብሎ በትሕትና አስረዳው። ቁልፉ ተሰብሯል፤ ለሳቸው ሦስት ጊዜ ከሆነ ለእርስዎም ሦስት ጊዜ ነው፣ መሣሪያው አያዳላም። አወቀ ነገሩን አሰበበትና ፍርዱን ተቀበለ። «ቀማኛ… ቀማኛ… ኛ…» አለ ሞንታርቦው፣ ወልደ ሰንበት ጀርባ ላይ።

ከዚህ በኋላ የሺዋስ የራሱን ዘፈን አልዘፈነም። ሁለት ጊዜ ሞክሯል። በመጀመሪያው «ቆይ፣ የወልደ ሰንበትን መልስ እንስማ» ተባለ። በሁለተኛው አንዲት አሮጊት የማይኩን ገመድ ይዘው ወደ አወቀ አቅጣጫ እየጎተቱ መሩት። ወንድማማቾቹ የንቡን ነገር ጨርሰው ወደ ሌላ ተሻገሩ። አወቀ ገበያ ወጥቶ በሬ ገዛሁ ብሎ አንድ ዓይና በሬ ይዞ መግባቱ ተዘፈነ። ወልደ ሰንበት ቤታቸውን ሲሠሩ በር ማስቀረታቸውን ረስተው ከውስጥ ሆነው መጣራታቸው ተዘፈነ። በሕፃንነታቸው ማን ከማን ጋር አልጋ ላይ ተኝቶ ማን አልጋውን እንዳረጠበ ተዘፈነ፤ እዚህ ላይ ኤኮው ያደረገውን ለመጻፍ አይመችም። ከገበያው ሜዳ ሰዎች ዳሱ አጥር ላይ ተደረደሩ። ከመካከላቸው ጆንያ የተሸከሙ ነበሩ፤ እነሱም ሳያወርዱ ነበር የሚሰሙት።

የሙሽራው ወገኖች በሦስት ሚኒባስ የደረሱት በዚህ መካከል ነው። እልልታውና ጭብጨባው እንደ ሥርዓቱ ሆነ፤ ሚዜዎቹ በር ላይ ተገፋፉ፣ ሙሽራው ገብቶ ከምሥራቅ ጎን ተቀመጠ። ወይዘሮ ሥራነሽ በፊት ረድፍ ተቀመጠች። የወርቅ ጥርስ ያላት፣ ደልደል ያለች ሴት ነች። የሺዋስ ወዲያው የደብዳቤዋን ልጅ ዘፈን ለመጀመር ለድረስ በዓይኑ ጠቀሰ፤ ድረስም ገብቶት ዜማውን ለወጠ። በዚያው ቅጽበት ወልደ ሰንበት ከሞንታርቦው ጥግ ቀና አሉ። ድምፃቸው ቀኑን ሙሉ በመጮህ ስለ ደከመ አሁን የሺዋስን ሸሚዝ ጎትተው በጆሮው ነበር የሚነግሩት።

ጠጁ ማዶ ማዶ ሲዞር አየዋለሁ፣
ታላቅ ወንድም ሆኜ ውኃ እጠጣለሁ።

እውነት ነው፤ ጠጅ አሳላፊዎቹ በዚያ ጥግ በኩል ማለፍ ትተዋል። አወቀ ከማዶ መልሱን ላከ፤

ውኃ ነው ሚበጀው ለንብ ባለጸጋ፣
ማሩ ቤቱን ሞልቶ ጠጅ ሊሻ እኛ ጋ?

የሺዋስ ይህን ሲዘፍን ዓይኑ ከሥራነሽ ላይ አልተነሳም። ነጠላዋን አንስታ አፏን ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ጠፋሁ አለ በልቡ፤ ሴትዮዋ አፍራለች፣ ዘመዶቿ ፊት ባለጌ አመጣሁባቸው ብላለች። ቅዳሜም ሄደ፣ አዳራሹም ሄደ፣ ከነገ ወዲያ ጆንያ ነው። ከዚያ በኋላ የዘፈነውን ሁሉ ፊቱን ወደ ድረስ አዙሮ ዘፈነው።

ፀሐዩ ከሸራው ቀዳዳ ወጥቶ በዳሱ ጎን መግባት ሲጀምር የሙሽራው አባት የብርጓልን ጠርተው መንገዱ ሩቅ ነው፣ ምርቃቱ ይሁንና እንሂድ አሉ። ሙሽሮቹ ተነስተው በሣሩ ላይ ተንበረከኩ። በሥርዓቱ መጀመሪያ የሚመርቀው የቤቱ ታላቅ ነው፤ የቤቱ ታላቅ ደግሞ ወልደ ሰንበት ናቸው፤ ታላቁን «ይመርቁልኝ» ብሎ መለመን የሙሽራዋ አባት የአወቀ ፈንታ ነው።  አወቀ ወንድሙን አላየም። ወልደ ሰንበት ከዘራቸውን አዩ። ምሥራቅ እንደተንበረከከች ቀና ብላ አንዴ አባቷን፣ አንዴ አጎቷን አየች፤ የዓይኗ ኩል ጉንጯ ላይ መውረድ ጀምሯል። የብርጓል እጇን በመቀነቷ ጠራረገችና አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደች፣ ከዚያ ቆመች። «አልሄድም» አለች ቀስ ብላ። «ዛሬስ በእኔ አይሆንም።»

አወቀ ወደ የሺዋስ መጣ። ዓይኑን መሬት ላይ እንደተከለ «ተቀበል» አለ፣ እንደ ቀድሞው አልጮኸም።

ሰዓቱ መሸ አሉ ሙሽራው ይሄዳል፣
ምርቃት ያለው ሰው ቶሎ ቢል ይሻላል።

ልመና ከሆነ እንግዲህ ይህ ነው። የሺዋስ በተቻለው ሁሉ አለሳልሶ ዘፈነው። ኤኮው «ይሻላል… ይሻላል… ላል…» አለ። ሰዉ ሁሉ ወደ ሞንታርቦው ጥግ ዞረ።  የወልደ ሰንበት ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ቤት እየመቱ ነው። ከዚያ የሺዋስን በጣታቸው ጠሩትና አፋቸውን ጆሮው ላይ ገጠሙ። ጠጅና ነጭ ሽንኩርት ይሸታሉ።

ምርቃት ለሚሻ አፍ ነበር ሚለምን፣
የሱ አፍ ለጠጅ ነው፣ ለኔ ሲሆን ድፍን።

የሺዋስ ቀና አለ። ድረስ ዜማውን ይዞ ይጠብቀዋል። እንዳላማው በሚክሰሩ ላይ ጣቱን አሳርፏል። ይህን ከዘፈነው አወቀ ወይ ይሄዳል፣ ወይ ከዘራ ያነሳል፤ ሙሽሮቹ ሳይመረቁ ይቀራሉ፣ የሥራነሽ የወንድም ልጅ ተዋርዶ ይመለሳል። ከዚህ የባሰ ደግሞ አንድ ነገር አናደደው። ከቀትር ጀምሮ የሰው ስድብ ሲሸከም ውሏል፤ ከመጀመሪያው ዘፈን ወዲህ አንድ የራሱ ቃል ከአፉ አልወጣም። ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋና፣ ወልደ ሰንበት ከኋላው እንደ መምህር ራሳቸውን እየነቀነቁ ሲጠብቁት፣ ያላሉትን ዘፈነ፤

ስድስት ዓመት ሙሉ ብንኖር ሳንስማማ፣
ወንድሜ ከልቤ አልወጣልኝምማ።

«ምማ… ምማ… ማ…» አለ ሞንታርቦው።

ማንም አልሳቀም። ከአጥሩ ላይ አንድ ጆንያ ወደቀ። አወቀ ብርሌውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ ብርሌው ሲያዘነብል ጠጁ በጫማው ላይ ፈሰሰ፣ እሱ አላወቀውም። የሴቶቹ ወገን ነጠላውን ወደ ዓይኑ አነሳ። ወልደ ሰንበት ግን አፋቸውን ከፍተው የሺዋስን አዩት፣ ከዚያ ሰዉን፣ ከዚያ እንደገና የሺዋስን። ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀላ። ከዘራቸውን መሬት ላይ ደነቀሩና የሞተ ድምፃቸውን ከየትም ፈልገው አመጡት።

«አላልኩም!»

«ታዲያ ምንድን ነበር ያልከው አያ?» አለ አወቀ።

«ድፍን ነው ያልኩህ!»

«ምኑ?»

«አፍህ! አፍህ ለኔ ሲሆን ድፍን ነው አልኩህ!»

«ይኸው ተከፍቶ የለም እንዴ» አለ አወቀ።

የሆነው ነገር መጀመሪያ የገባት የብርጓል ናት። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ወልደ ሰንበት መልስ ሊሰጡ ጀምረው ነበር፤ ለማን እየመለሱ እንደሆነ ሲያውቁ ቃሉ ጉሮሯቸው ውስጥ ቆመ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በሞንታርቦውና በዳሱ ምሰሶ መካከል ፊት ለፊት ተፋጠው ቆሙ። ቢያስቡበት ኖሮ እዚያው ላይ ተመልሰው ይዘጉ ነበር። ነገር ግን ወልደ ሰንበት የያዙት ቃል ነበራቸው፣ ስድስት ዓመት የቆየ ቃል ደግሞ አይዋጥም።

«ጉንዳን ነው» አሉ።

«ምኑ ጉንዳን?»

«ንቡን ያባረረው። ከቀፎህ ሥር ጉንዳን ነበር። አንተ እኔን ስትሰድብ ጉንዳኑ እዚያው ነው።»

«የለም! እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ የለም።»

«ዓይንህንማ በሬ ስትገዛ አየነው።»

«አሁንስ አለ? ጉንዳኑ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ግቢህ ከገባሁ ስንት ዘመኔ? አመድ ነስንስበት። ውኃ ያልነካው አመድ መሆን አለበት፣ የዚያችን የየብርጓልን ዓይነት የረጠበ እንዳታደርግ።»

«አመዴን ምን አደረጋችሁት?» አለች የብርጓል እያለቀሰች።

የሙሽራው አባት ጉሮሯቸውን አጠሩ። ወልደ ሰንበት ሙሽሮቹ እግራቸው ሥር መንበርከካቸውን ያን ጊዜ ነው ያዩት። አንድ እጃቸውን በምሥራቅ ራስ፣ ሌላውን በሙሽራው ራስ ላይ ጫኑ። «ውለዱ፣ ክበዱ፣ ጎጆአችሁ ይሙቅ፣ ዘራችሁ እንደ አሸዋ ይብዛ፤ አመዱን ደግሞ ማታ ነው፣ ጉንዳኑ ሲገባ፤ እርጅናችሁን ከመደብ ላይ ያድርገው፣ አሜን በሉ እንጂ» አሉ። ሰዉ በየትኛው ላይ አሜን እንደሚል ሳይለይ ሁሉንም አሜን አለ። አወቀም አለ፣ ግን ዘግይቶ፤ ቀፎው ስንት እንደ ደረሰ ሊጠይቅ አፉን ከፍቶ ነበርና። ምሥራቅ የአጎቷን ጉልበት ሳመች፣ የአባቷን ጉልበት ሳመች፣ ሁለቱ ግን በላይዋ ላይ ስለ ዋንዛው እየተከራከሩ ስለነበር ተነሽ ያላት ሙሽራው ነው።

ወልደ ሰንበት በዚህ መካከል አንድ ጊዜ ወደ የሺዋስ መለስ ብለዋል። ከዘራቸውን ደረቱ ላይ ጠቆም አደረጉ። «አንተ ልጅ። እኔ ያላልኩትን ብለሃል።»

«አዎ አባቴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ቤቱ ግን ይመታል» አሉ፣ ተመልሰውም ሄዱ።

ማንም ለባንዱ ሙዚቃ አላዘዘም። ሙሽሮቹን የሸኘው ሴቶቹ የመቱት ከበሮ ነው። የሺዋስ ሞንታርቦው አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀምጦ፣ እንዳላማው ገመዶቹን በክርኑና በመዳፉ መካከል እኩል እኩል ሲጠቀልል አየው። ድረስ ኦርጋኑን በብርድ ልብስ ሸፈነ። ወንድማማቾቹ ከአጥሩ ማዶ ዋንዛው ሥር ናቸው፤ አወቀ በጣቱ ወደ ላይ ያመለክታል፣ ወልደ ሰንበት ራሳቸውን በእምቢታ ይነቀንቃሉ። ሚኒባሶቹ ሞተር አስነስተዋል። የመጀመሪያው አለፈ። ሁለተኛው ከዳሱ በር ላይ ቆመና መስኮቱ ወረደ።

«አንተ፣ ዘፋኙ፣ ና እስቲ» አለች ወይዘሮ ሥራነሽ።

የሺዋስ ሱሪው ላይ የተጣበቀውን ሣር እያራገፈ ሄደ። ቢያንስ ሰላም አትበሉኝ ሳትል በፊት ደህና ግቡ ልላት ይገባል ብሎ አሰበ።

«ዘፈናችሁን አልሰማሁም» አለች።

«አዎ እትዬ፤ ጀምረን ነበር፣ አልሆነልንም እንጂ። የራሴ ግጥሞች አሉኝ። ሌላ ቀን ቢፈቅዱልን…»

«የሰማሁት ይበቃኛል። ከሳቄ የተነሳ አንድ ጉርሻ አልበላሁም። ቅዳሜ ኑ።»

የሺዋስ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። «ቅዳሜ? ከየትኛው ዘፈን ብንጀምር ይሻላል?»

«ዘፈኑ ይቆይ። ቅዳሜ ሌላ ሥራ አለ።» ወደ ሹፌሩ ዞር ብላ አየች፤ ሹፌሩ በጨዋ ደንብ ወደ ውጭ ተመለከተ። ሥራነሽ ራሷን በመስኮቱ አወጣችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔና ባለቤቴ ከመስቀል ወዲህ አንነጋገርም። እሱ ባንኮኒው አጠገብ ነው የሚቀመጠው፣ እኔ በሩ ጋ። ማይኩን መሃል ላይ አቁሙት።»

 «ባለቤትዎ ግጥም ያወጣሉ?»

«እሱ? ከአፉ ከሒሳብ በቀር ምን ወጥቶ ያውቃል።» መስኮቱን እየዘጋች ነበር፤ ግማሽ ላይ አቆመችው። «የሱን አንተ ታወጣለታለህ። ስለ እኔ ሸጋ ሸጋውን ይበል።»

ሚኒባሱ አቧራውን ለቆባቸው ሄደ። ድረስ መጥቶ ምን አለች ብሎ ደጋግሞ ጠየቀው። የሺዋስ ግን ሥራነሽ ለሚለው ስም ቤት የሚመታ ቃል እየፈለገ ነበር።